በቀኝ የተሰፋው የነጅማ መጽሐፍ

ዙሌይካን ያወቅኳት በግድግዳ በኩል ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው የቆርቆሮ ሱቅ ተርታ የእኔ የልብስ ስፌት ቤት አለ። ከጎኑ ያለው ባዶ ክፍል በ2010 ዓመተ ምሕረት ክረምት ተከራይ አገኘ። ሁለቱን ሱቅ የሚለየው አንድ ረድፍ ጣውላ ብቻ ስለሆነ በዚያ ማዶ ላስነጠሰ ሰው በዚህ ማዶ ሆኜ «የርሐሙከላህ» እላለሁ። ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ለውጥ መጣ እያለ ይጨፍር ነበር። እኔ ለጭፈራም ለለቅሶም አልቸኩልም። ሱሪ ማሳጠር ግን በዝቶልኝ ነበር፤ ከስደት የሚመለሰው ሰው ሁሉ ሻንጣው ውስጥ አንድ የረዘመ ሱሪ አያጣም።

እሷም ከተመላሾቹ አንዷ ነበረች። አምስት ዓመት ሪያድ በሰው ቤት ሠርታ፣ ምሕረት ታውጇል ውጡ ሲባል ወጥታ መጣች። ሌሎቹ ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ተሸክመው ሲመጡ እሷ ያመጣችው አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ሙሉ የቀለም እርሳስ ነው። ከደሴ አሮጌ የፎቶ ኮፒ ማሽን ገዝታ አስገባችና በሩ ላይ በእጇ «ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የልጆች ሥዕል» ብላ ጻፈች።

«የልጆች ሥዕል ደግሞ ምንድነው?» አልኳት በሁለተኛው ቀን።

«ልጆች ቀለም የሚቀቡት ነው፣ ጋሽ ይመር። እኔ መስመሩን እሥላለሁ፣ እነሱ ውስጡን ይሞላሉ።»

«የምን ሥዕል?»

«ሰማይ ላይ የምትኖር ጀግና። ከኮከብ ኮከብ የምትበር።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኳት። ሳቀች። ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ያችን አልረሳትም።

ሥዕሉን የተማረችው ትምህርት ቤት አይደለም፤ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ነው የተወችው። ሪያድ ሳለች የቤቱን ትንሽ ልጅ የምትይዘው እሷ ነበረች። ቀትር ላይ እመቤቲቱ ስትተኛ ልጁ እንዳይጮህ ማድረጊያው አንድ ብቻ ነው፤ የጠፈር ጀግኖች ያሉበትን የቀለም መጽሐፍ ዘርግቶ አብሮት መቀባት። መጽሐፉ ሲያልቅ ገጹን መስኮት ላይ ለጥፋ፣ ባዶ ወረቀት ደርባ፣ በብርሃኑ እየገለበጠች ሌላ ትሠራለታለች። ቆይታ ሳትገለብጥ ከራሷ መሣል ቻለች። ልጁ «ማማ ዙሌይካ» ይላት ነበር። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ የኩራት ድምፅ አልነበረም። የሰው ልጅ ማማ ሲላት የራሷ ልጅ ውጫሌ ሌላ ሴት እማ ትል ነበረቻ።

የዙሌይካ ነገር ሁሉ ይኸው ነው። ኑርሀያት የምትባል አንድ ሴት ልጅ አለቻት። ባሏ በጅቡቲ አድርጎ በባሕር ወጣ ከተባለ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እሷም ልጇን በዓመቷ ጡት አስጥላ፣ አምባሰል ወረዳ ውጫሌ ለምትኖረው ታላቅ እኅቷ ለሰዓዳ ሰጥታ ሄደች። ስትመለስ ልጅቱ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ሰዓዳን «እማ»፣ ዙሌይካን «ዙሌይካ» ነው የምትለው። በአገራችን ይህ ነውር አይደለም፤ አያት ወይ አክስት ያሳደገችው ልጅ ወላጁን በስሟ ቢጠራ የሚደነግጥ የለም። የተለመደ ነገር አያምም ያለው ግን ማነው።

ሰዓዳ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ነገሩ በቀለለ፤ ሽማግሌ ልከን ልጅቱን እናስመጣ ነበር። ወላድ በድባብ ትሂድ ይላሉ፤ ላሳደገች ግን ምን እንደሚባል አላውቅም። ሰዓዳ እኅቷን አስቀምጣ፣ «ልጅሽ ናት፣ ማን ይከለክልሻል? ሱቅሽ ይቁም፣ ቤት ያዢ፣ እሷም ትልመድሽ። ከዚያ ትወስጃታለሽ» አለቻት። ዙሌይካም ይህችን ቃል ይዛ ሐይቅ ተቀመጠች። ሌላ ምኞት አልነበራትም። ልጅቱ ትልመደኝ፣ ትምጣልኝ፣ በቃ።

ብቸኛ ሴት ነበረች። ሐይቅ የትውልድ ቦታዋ አይደለም፤ ዘመድ የላትም። ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው፤ በሰው ቤት ያመጣችው ልማድ ነው። «ተቀመጪ እንጂ፣ ማንም አይጠራሽም» ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። ሴቶቹ ለዱዓ ሲሰበሰቡ ይጠሯታል፤ ሁለት ጊዜ ሄዳ ተወችው። «ልጅ የለሽም?» ይሏታል። አለኝ ስትል «የታለች?» ይሏታል። እሷም ከዚህ ሁሉ ከማሽኔ ጋር ብውል ይሻለኛል አለች። በጣውላው በኩል ማሽኑን ስታባብል እሰማ ነበር፤ ወረቀት ሲነክስባት «ተው እንጂ፣ ምን በደልኩህ» ትለዋለች።

ለጀግናዋ ነጅማ የሚል ስም አወጣችላት። ነጅማ ሰፊ ካባ፣ ትልልቅ ጫማ፣ ክብ የመስታወት ቆብ አላት። መጀመሪያ ፊትም ነበራት። የቁርዓን ቤቱ ኡስታዝ ወረቀቱን ልጆቹ እጅ ላይ አይተው መጡና በትሕትና፣ «እኅቴ፣ ነፍስ ያለው ነገር ፊቱ ባይሣል ደስ ይለኛል» አሏት። አልተከራከረችም። የቆቡን መስታወት ባዶውን ተወችው፤ ልጆቹ ሲጠይቋት «ፀሐይ አርፎበት ነው፣ ፊቷ አይታይም» አለች። ልጆቹ ግን ኡስታዙ ዘወር ሲሉ ዓይንና አፍ ያገቡላት ነበር። አንዱማ ጢም አወጣላት።

በ2011 ሥዕሎቹን አንድ ላይ አድርጋ መጽሐፍ ሠራች፤ አሥራ ሁለት ገጽ። በመጀመሪያው ገጽ ነጅማ ቦርሳዋን አዝላ ከአንዲት የቆርቆሮ ቤት ደጅ ቆማለች፤ በሩ ዝግ ነው። በሁለተኛው ከሐይቁ በላይ ትበራለች፤ ከታች ዓሣ አጥማጅ ታንኳው ላይ ቀና ብሎ ያያታል። ከዚያ ተራራ፣ ደመና፣ ጨረቃ እያለ፣ በመጨረሻው ገጽ አንዲት ትንሽ ኮከብ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ኮፒ አድርጋ፣ አጥፋ፣ በስቴፕለር ሰፍታ አርባውን ለመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ሰጠች።

መምህርቷ በማግሥቱ መጽሐፎቹን በካርቶን ተሸክማ መጣች። «ዙሌይካ፣ በተቃራኒው ነው እኮ የሰፋሽው» አለቻት። እውነቷን ነው፤ በቀኝ በኩል ነው የተሰፋው። ዙሌይካ አምስት ዓመት ሙሉ የቀባችው መጽሐፍ ሁሉ የዓረብ ነው፤ በቀኝ ተሰፍቶ ከቀኝ ወደ ግራ ይገለጣል። ከዚያ በፊትም አጥብቃ የያዘችው መጽሐፍ ቁርዓን ነው። መጽሐፍ በሌላ በኩል ይሰፋል የሚለው ነገር ጨርሶ አልመጣላትም። «እኔ ኮት ገልብጬ ብሰፋ ገበያዬ ይጠፋል፤ ያንቺ ግን ለሁለት ዓይነት ሰው ይሆናል» ብዬ አሾፍኩባት።

እንዳልኩትም ሆነ። ቁርዓን ቤት የሚውሉት ልጆች ከቀኝ ይገልጡታል፤ ለእነሱ ነጅማ ከቤቷ ወጥታ ወደ ኮከቡ ትሄዳለች። የቀለም ትምህርት ቤት የለመዱት ከግራ ይገልጡታል፤ ለእነሱ ነጅማ ከኮከቡ ተነሥታ ወደ ቤቷ ትመጣለች። በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ትሄዳለች፣ የለም ትመጣለች እየተባባሉ ሲጣሉ የዘረጋሁትን ጨርቅ ይረግጡብኛል። በሜትሬ እንጨት ስንቴ አባርሬአቸዋለሁ።

በዚያው ዓመት ለዒድ ሰዓዳ ኑርሀያትን ይዛ መጣች። ዙሌይካ ከቅጂዎቹ ጥሩውን መርጣ፣ የቀለም ቆርቆሮውን ከፍታ ለልጅቱ ሰጠቻት። ኑርሀያት አንደኛ ክፍል ገብታ ገና ፊደል መለየቷ ነው፤ ከግራ ገለጠችው። ኮከቡን ቀባች፣ ጨረቃውን ቀባች፣ ቀስ እያለች ቤቱ ጋ ደረሰች። እኔ በረንዳው ላይ ቁልፍ እየተከልኩ አያለሁ።

«መጣች» አለች ልጅቱ።

«አይ፣ እዚህ ላይ ስትሄድ ነው» አለች ዙሌይካ። «መጀመሪያው ይኸኛው ነው። ሥራ ፍለጋ ወጥታ ነው፣ ሩቅ አገር።»

«ታዲያ የተመለሰችበት የታለ?»

ዙሌይካ የመመለሻ ገጽ አልሠራችም። መጽሐፉን የሠራችው ለምን እንደሄደች ለልጇ ልትነግርበት ነበር፤ መመለሱ እንዴት እንደሚሣል ግን አላወቀችም። ልጅቱ «እንደኔ ይሻላል» ብላ በሩን ቡናማ መቀባት ጀመረች። «ግን በሩ ዝግ ነው። ማን ይከፍትላታል?»

«አንቺ ክፈቺላት።»

«ሥዕል ውስጥ በምን እገባለሁ?»

ልጅ ናት፤ ዝም ብላ ነው የጠየቀችው። ዙሌይካ ግን ተነሥታ ጀርባዋን ሰጠችንና አቧራ የሌለበትን ማሽን መወልወል ያዘች።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በግራ ትሰፋዋለች ብዬ ነበር። አልሰፋችውም። ለምን ብላት፣ «ይሁን ጋሽ ይመር፣ ከግራ የሚገልጠው ትመጣለች ይላል። ይበል» አለች። የመመለሻ ገጽ ልትሠራ ስትሞክር ግን አይቻለሁ። ቆቡን ትሥላለች፣ ካባውን ትሥላለች፣ ደጁ ላይ ስትደርስ እጇ ይቆማል። የተጨማደደው ወረቀት ለእኔ ለካውያዬ ከሰል ማያያዣ ሆነ።

የልጅቱ መምጫ ቀጠሮ ደጋግሞ ተሸጋገረ። በ2012 ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ሰዓዳ አራስ ሆነች፤ ኑርሀያት ታግዛት ተባለ። ዙሌይካ በበኩሏ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች፣ አንዱን ክፍል ሰማያዊ አስቀባች፣ ትንሽ አልጋ አስገባች። አልጋው ሰው ሳይተኛበት ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን ዕቃ ላደርስላት ብገባ አልጋው ላይ እስከ ጣሪያው ወረቀት ከምራበታለች። «ሱቁ ስለሚያፈስ ነው» አለችኝ። የሱቁን ጣሪያ አውቀዋለሁ፤ አያፈስም። ባዶውን አልጋ ማየት አቅቷት ነው። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት አስተካከልኩላት።

በመጨረሻ ለ2014 መስከረም ተቆረጠ። በዚያ መስከረም ግን ጦርነቱ በሰሜን በኩል ደጃችን ደርሶ ነበር። ወደ ግሸን የሚያልፈው ተሳላሚ እንደ ወትሮው አልበዛም። ሰዓዳ «ትንሽ ይርጋና» አለች። አልረጋም። ጥቅምት ሲገባ ከወልዲያ በኩል የሚወርደው ሰው አስፋልቱን ሞላው፤ በእግሩ፣ በጋሪ፣ በባጃጅ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ። ስልክ ጠፋ። የውጫሌ ሰው ወጣ ሲባል እኔም የስፌት መኪናዬን ጭንቅላት ፈትቼ በጆንያ ጠቀለልኩና፣ ሚስቴን ይዤ ወደ ደሴ ልሄድ ተነሣሁ።

ዙሌይካ መናኸሪያው ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር ቆማለች። ቢጫ ሻርፕ አድርጋለች፤ ከሩቅ እንድትታይ ብላ ነው።

«ነይ ግቢ፣ ቦታ አለ» አልኳት ከሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ።

«በዚህ ነው የሚያልፉት፣ ጋሽ ይመር። ሌላ መንገድ የላቸውም። ሰዓዳ ስትደርስ ወይ ልጄን ታወርድልኛለች፣ ወይ እኔን ትጭነኛለች።»

«ካለፉስ?»

«አላለፉም። ከትናንት ጀምሬ ቆሜአለሁ። አብሽሩ፣ አንቱ ይሂዱ።»

ሄድኩ። ይህን መጻፍ አልወድም፤ ግን ሄድኩ። ሚስቴ ታለቅሳለች፣ እኔ «ግትር ሴት» እያልኩ እሳደባለሁ። ሰው ሲያፍር ይሳደባል።

ሦስት ቀን ቆማ ከረመች። ከተማው ሲያዝ ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያ በኋላ ያለውን ከአንድ ወር በላይ የሆነ ጊዜ ያለ መብራት፣ ያለ ስልክ፣ ጎረቤቱ ግማሹ በሸሸበት ሰፈር ብቻዋን አሳለፈችው። የሱቋ በር ተሰበረ፣ ማሽኑ ተወሰደ፣ ነጅማ በየቦዩ ተበተነች። ምን ስታደርግ ከረምሽ ብላት «አስባለሁ» አለችኝ። ምን ታስቢያለሽ ብላት ደግሞ እንዲህ አለች፤ «ልጄ ሞታ ቢሆን ለቅሶው ሰዓዳ ቤት ነው የሚቀመጠው። ሰው እሷን ነው አላህ ያጽናሽ የሚለው። እኔ ለቅሶ ደራሽ ነኝ፣ ጋሽ ይመር።» ስልሳ ዓመት እስኪሞላኝ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። ስልክ ሲለቀቅ ወሬው ተገኘ፤ ሰዓዳ ልጆቿን ሁሉ ይዛ ደብረ ብርሃን ደርሳለች፣ ሁሉም ደኅና ናቸው። ዙሌይካ እዚያው በረንዳዬ ላይ ሱጁድ ወረደች። ደስታው ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን መጥታ፣ «በየት አለፉ ታዲያ?» አለችኝ።

«በዚሁ ነዋ።»

«እንዴት ሳላያቸው?»

«ያን ሁሉ መኪና ማን ለይቶ ያያል?» አልኳት። አልተዋጠላትም። ዙህር ልሰግድ ዘወር ስል ይሆናል ያለፉት እያለች ራሷን ስትወቅስ ከረመች። ለሶላት ብላ ከአስፋልቱ የተለየችባትን ሩብ ሰዓት በቁጭት ማሰብ እንኳ እንደ ኃጢአት ይቆጠርባት ነበር፣ ማሰቡን ግን አልተወችም።

መጋቢት ላይ ሰዓዳ ኑርሀያትን ይዛ መጣች። ልጅቱ አሥር ዓመት አልፏታል፤ ልብሷን በፌስታል ይዛለች። «የኔ ቤት ጣሪያው ወልቋል። ልጆቹን የማስተኛበት የለኝም» አለች ሰዓዳ። «ያልኩሽ ቀን ይኸው ነው፤ ውሰጃት።» አልቅሳ፣ ልጅቱን ስማ፣ ሳትቀመጥ ሄደች። ዙሌይካ አልጋው ላይ የተረፈውን ወረቀት አነሣች። እኔ ደስ ብሎኝ ለልጅቱ ከተራረፈ ጨርቅ ቀሚስ ሰፋሁላት።

ኑርሀያት ጨዋ ልጅ ናት። የታዘዘችውን ትሠራለች፣ የተሰጣትን ትበላለች፣ «እሺ ዙሌይካ» ትላለች። ሳቅ ግን የላትም። ማሽኑ ስለሌለ ዙሌይካ በረንዳዬ ላይ ሆና ነጅማን በካርቦን ወረቀት ሦስት ሦስት እያደረገች ትሥላለች፤ ልጅቱ አጠገቧ ተቀምጣ ለማሳያ አንዱን ትቀባለች። ሁልጊዜ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። ከሰሜን በኩል መኪና በመጣ ቁጥር ቀና ትላለች። ዙሌይካ ይህን አይታ እንዳላየች ትሆናለች፤ እኔም እሷን አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።

ሳምንት ሲሞላት፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ልጅቱ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ዙሌይካ።»

«ወየ፣ የኔ ዓለም።»

«ያን ጊዜ አይቼሻለሁ።»

«መቼ?»

«ስንሸሽ። አይሱዙ ላይ ነበርን። አስፋልቱ ዳር ቆመሽ ነበር፣ ቢጫ ሻርፕ አድርገሽ። እማ ሸራው ሥር ሕፃኑን አቅፋ ስለነበር አላየችሽም። እኔ በሸራው ቀዳዳ አየሁሽ።»

የዙሌይካ እጅ ወረቀቱ ላይ ቆመ። እኔም የስፌት መኪናዬን ፔዳል ለቀቅኩ።

«ለምን አልተጣራሽም?»

«ሹፌሩ ይቆማል፣ ከዚያ እኔን ያወርዱኛል ብዬ። እማ ጥላኝ ትሄዳለች ብዬ።» እርሳሷን መልሳ አነሣችና «እንዳልጮህ አፌን በእጄ ያዝኩ» አለች።

ዙሌይካ ታለቅሳለች፣ ወይም ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ተቆጥቼ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። የአሥር ዓመት ልጅ ላይ እንዴት ይቆጣሉ? እናቷን ላለማጣት አፏን የያዘች ልጅ ናት። እናቷ ደግሞ ሌላ ናት።

«ደግ አደረግሽ» አለች ዙሌይካ።

«አልተናደድሽም?»

«አልተናደድኩም። እኔ ጋ ብትወርጂ ኖሮ እዚህ ትቀሪ ነበር። ደግ አደረግሽ።» ከዚያ ካርቦኑን አስተካከለችና «ጣሪያው እንዴት ሆነ፣ እማሽ ደውላልሽ ነበር አይደል?» አለቻት።

«ግማሹ አዲስ ቆርቆሮ ተመትቶለታል አለች።»

«ግማሹ ከተመታ ይበቃል» አለች ዙሌይካ፤ ለሰዓዳ ልትደውል ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ፌስታሉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ዙሌይካ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ የልጅቱን ሻርፕ አስተካከለች፤ ሻርፑ ምንም አልሆነም ነበር። ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ ውኃና ዳቦ ሰጠቻት። ረዳቱ ልጅቱን አየና፣ «ብቻዋን ናት እንዴ? አንቺ ምኗ ነሽ?» አለ።

«አክስቷ ነኝ» አለች ዙሌይካ። «እናቷ ውጫሌ መናኸሪያ ትጠብቃታለች። በእጇ አስረክብልኝ።»

ልጅቱ በተከፈተው መስኮት ሰማች። ዙሌይካን አየቻት፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። አላረመቻትም። ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ወዲያው ተነሣ።